ቤት የማይመታ ግጥምና ሰሎሞን ዴሬሳ፦ ከጎንደር አንድ ጥያቄ

መምህር_ከአራዳ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ለዚህ ቤት።

ጎንደር ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። 14 ዓመት ሆነኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለን። ባለፈው ዓርብ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግጥም አነበበች። ግጥሟ ቤት አይመታም። አንዱም ስንኝ ጫፉ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ክፍሉ መጀመሪያ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ "ይቺማ ግጥም አይደለችም፣ ወሬ ናት" አለ። ተሳሳቁ። ልጅቷ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እኔም ቶሎ አልተናገርኩም። እስካሁን የሚከነክነኝ ይኼ ነው።

ቤት ስገባ ሰሎሞን ዴሬሳ ትዝ አለኝ። ለሚቀጥለው ዓርብ ስለ እሱ ላወራላቸው ወስኛለሁ። የማውቀውን ልጻፍ፣ እናንተ ሙሉልኝ።

ሰሎሞን የተወለደው ወለጋ፣ ጩታ በምትባል መንደር ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1937። አዲስ አበባ ተማረ። ከዚያ ፈረንሳይ አገር፣ ቱሉዝ ሄዶ ተማረ። ሲመለስ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ሠራ፣ መጽሔት አዘጋጀ። በ1963 ዓ.ም. "ልጅነት" የተባለው የግጥም መጽሐፉ ወጣ። መጽሐፉ ብዙ አጨቃጨቀ። ግማሹ ወደደው፣ ግማሹ ተቆጣ። ጠቡ በዋናነት ስለ ቅርፅ ነበር። ግጥም የግድ ቤት መምታት አለበት ወይ? ስንኝ የግድ በቀለም፣ ማለትም በፊደል ድምፅ ልክ፣ መቆጠር አለበት ወይ? ሰሎሞን ዝም ብሎ ጽፎ አላለፈም። በመግቢያው ላይ ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ተከራከረ። በዚያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

እዚያው 1960ዎቹ ውስጥ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሚኒሶታ ኖረ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ሁለተኛው የአማርኛ የግጥም መጽሐፉ "ዘበት እልፊቱ ወለሎታት" የወጣው 28 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አረፈ።

ገጣሚ፣ አዘጋጅ፣ መምህር። እኔ የምፈልገው ይህችን ልጅ "አንቺ ብቻሽን አይደለሽም" ማለት ነው። ግን ባዶ ማጽናኛ እንዳይሆንብኝ። እስቲ የምታውቁትን ወዲህ በሉ።

ጃንተከል_ዋርካ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02)

ወንድሜ መምህር፣ አትቆጣኝ። ልጆቹ መሳቃቸው ጥፋት ነው፣ እሱን እቀበላለሁ። ጥያቄያቸው ግን ጥፋት አይደለም።

"ግጥም" የሚለው ቃል የመጣው "ገጠመ" ከሚለው ነው። በር ከመቃኑ ካልገጠመ ምኑን በር ሆነ? ወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ስድስት ስድስት ቀለም አለው። ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት አምስት ነው። ይህን ልክ ያወጣው ሰው ስሙ አይታወቅም፤ ስንት ትውልድ በጆሮው መዝኖ ያወረሰን ነው። በሠርጉም፣ በለቅሶውም፣ በቡሄውም ይኼው ነው። ጎንደር ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች እናት ሙሾ ስታወርድ ቤቷ አይስትም።

ሰሎሞንን አነበብኩት። አዋቂ ሰው ነው። ግን እሱ ልኩን ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው የተወው። የ11ኛ ክፍል ልጅ በመጀመሪያ በሩን መግጠም ትማር። ከዚያ ከፈለገች ትንቀለው።

ቁስቋም_ማዶ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40)

ጋሼ ጃንተከል፣ ስለ በሩ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ላክል።

እዚህ ከተማ ውስጥ በየደጀ ሰላሙ ጠዋት ጠዋት የሚደገመው ዳዊት ነው። ዳዊት ግጥም አይደለም የሚል ሰው አለ? ግን ቤት ልምታ ብሎ የተጻፈ አይደለም። የዳዊት ስንኝ የሚገጥመው በሐሳብ ነው። አንድ ነገር ይላል፤ ቀጥሎ ያንኑ በሌላ ቃል ይመልሰዋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠናክረዋል ወይም ይገለብጠዋል። መልክእ የሚባለው የቅዱሳን ውዳሴ ደግሞ አለ፤ እሱ አምስት አምስት ስንኝ ሆኖ ቤት ይመታል። ሁለቱም እዚያው አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፣ ተጣልተው አያውቁም።

እኔ ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ብዙ አልቆየሁም፣ ግን ያየሁትን አልረሳም። ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ስንኝ ናት። እያደገ ሄዶ መወድስ ይደርሳል፤ ስምንት ስንኝ ነው። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ በየቀኑ አዲስ ነው። ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኛ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። አንዲት ቃል ላይ ሲደርስ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ ያደርጋሉ። ሌላ ነገር አይናገሩም። ያቺ ቃል አልተስማማቻቸውም ማለት ነው። ተማሪው ተመልሶ ያድርባታል።

ስለዚህ መምህር፣ "ገጣሚ፣ አዘጋጅ፣ መምህር" ያልከው ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ሦስቱንም ናቸው። ራሳቸው ይቀኛሉ፣ የሰው ያቃናሉ፣ ያስተምራሉ። ሰሎሞን ይህንኑ ሥራ በመጽሔትና በዩኒቨርሲቲ ነው የሠራው። ለልጆቹ በዚህ በኩል ብትነግራቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ነቀምቴ_ጎንደር (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20)

እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ፣ ሥራ ጎንደር ካመጣኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

"ወለሎታት" የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ያልፈዋል። ፍልስፍና ነገር ይመስለዋል። ወለሎ በኦሮምኛ ግጥም ማለት ነው። አለቀ። አያቴ ማታ እሳት ዳር የምትለው ቃል ነው። ሰሎሞን ይህን ቃል ወሰደና "ታት" ቀጠለበት። "ታት" ደግሞ የግዕዝ ብዙ ቁጥር ነው፤ እንደ "ዓመታት" ዓይነት። የወለጋ ሥር፣ የግዕዝ ጫፍ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋን። በአንድ ቃል ውስጥ ሦስቱን አስቀመጣቸው፣ አንዱ ሌላውን አልገፋውም።

ጋሼ ጃንተከል ስለ መግጠም ተናግረዋል። ለኔ ትልቁ መግጠም ይኼ ነው። ስንኝ ከስንኝ ሳይሆን ቋንቋ ከቋንቋ ገጠመ። አዲስ አበባ አድጎ፣ ፈረንሳይ ተምሮ፣ አሜሪካ ኖሮ፣ በመጨረሻ ለግጥሞቹ ስም ሲፈልግ የተወለደበትን ቃል አወጣ። መጀመሪያ ሽፋኑን ሳይ እንባዬ መጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለልጆች መነገር አለበት፣ በተለይ በዚህ ጊዜ።

ጃንተከል_ዋርካ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05)

ይህን አላውቅም ነበር። መጽሐፉ ቤቴ አለ፤ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የንባብ_ክፍል (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡30)

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስለ አዘጋጅነቱ ማንም አልተናገረም፣ እኔ ልናገር።

አዲስ ሪፖርተር የሚባል የእንግሊዝኛ መጽሔት ነበር፤ በፈረንጅ 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ። ሰሎሞን እዚያ ነበር። ከገዳሙ አብርሃ ጋር ሆነው በ1969 ያወጡት ረጅም ጽሑፍ ዛሬም ድረስ ምሁራን ይጠቅሱታል። የሚከራከሩት ስለ ባህል ነው። አሮጌው ይጣል ወይስ ይያዝ? ከውጭ የመጣው ይዋጥ ወይስ ይመርመር? ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ራሳቸውን ሲጠይቁ ታያላችሁ። ስለ ሠዓሊዎችም ጽፏል። እስክንድር ቦጎሲያንና ገብረ ክርስቶስ ደስታ ዛሬ ስማቸው ትልቅ ነው። ያኔ ግን ሥዕላቸው ለብዙ ሰው ግራ ነበር። ለሕዝብ ከሚያስረዱት አንዱ ሰሎሞን ነበር።

ገብረ ክርስቶስን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱም ገጣሚ ነበር። እሱም ቤት ከመምታት ነፃ የሆኑ ግጥሞች ጽፏል። ሠዓሊ ስለሆነ ቃሉን እንደ ቀለም ነው የሚያስቀምጠው። የሚያሳዝነው እሱም በስደት አሜሪካ ነው ያረፈው፤ ግጥሞቹ በመጽሐፍ የተሰበሰቡት ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

መጽሔት ማዘጋጀት ሰውን ምን እንደሚያስተምር አውቃለሁ። እኛም ድሮ የግድግዳ ጋዜጣ እናወጣ ነበር። ቦታው ትንሽ ነው፣ ወረቀቱ አያልቅም አይባልም። ያቺን የምትወዳትን አንቀጽ ትቆርጣለህ። የሰውን ጽሑፍ ስትቆርጥ የኖርክ ሰው የራስህን ስትጽፍ እጅህ አይፈታም። የሰሎሞን ግጥም ውስጥ የማየው ይህን ነው። ቤት ለመምታት ተብሎ የገባ ቃል የለም። እናንተ ስንት ግጥም አንብባችሁ "ይቺ ቃል እዚህ የገባችው ለቤቱ ስትል ነው" ብላችኋል? እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

መምህር፣ ልጅቷን አደራ። ወረቀቷን እንዳትቀድ።

የሚኒሶታ_በረዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡50)

የአዘዞ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሰሎሞን በኖረበት ከተማ ነው። በአካል አላገኘሁትም። ስመጣ ገና ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፣ ግጥም የሚያነብ ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቦታ ልንገራችሁ። እዚህ ክረምት ማለት እኛ የምናውቀው አይደለም። ሚሲሲፒ ወንዝ በከተማው መሐል ያልፋል፤ ጥር ላይ ላዩ በረዶ ይሆናል። ጠዋት መኪናህን ከበረዶ ቆፍረህ ታወጣለህ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ትናገራለህ። ማታ ቤት ስትገባ አማርኛ ከአፍህ የሚወጣው ተቆራርጦ ነው። እኔ 12 ዓመቴ ነው፣ አሁን አንዳንድ ቃል ይጠፋብኛል። ትናንት "መጅ" የሚለው ቃል ጠፍቶኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። ወፍጮውን አስታውሳለሁ፣ ከላይ የሚይዙትን ድንጋይ ግን ስሙን አጣሁት።

እሱ እዚህ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። እየኖረ ሌላ ቋንቋ ተናገረ፣ በሌላ ቋንቋ አስተማረ። ያ ሁሉ ሆኖ ከሩቅ የላከልን መጽሐፍ አማርኛው አልደረቀም። ያንን የሚያደርግ ሰው ቋንቋውን በየቀኑ ይነካዋል ማለት ነው፤ ለብቻውም ቢሆን። በ"ልጅነት" እና በሁለተኛው መጽሐፉ መካከል ያለውን 28 ዓመት ሰው ዝምታ ይለዋል። እኔ ዝምታ አልለውም። እዚህ ለኖረ ሰው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

መምህር፣ "ዘበት እልፊቱ" ከፈለግህ የራሴን ቅጂ በሰው እልክልሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የቡርቧክስ_ልጅ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10)

እኔ የመጣሁት ከአዝማሪ ቤት ነው። ስለ ቤት መምታት ሲወራ ዝም ማለት አልችልም።

አባቴ ማሲንቆ ይዞ ሲያዜም እንግዳው "ተቀበል!" ይለዋል። ስንኝ ይሰጠዋል። አባቴ ለመቀበል ያለው ጊዜ ማሲንቆው አንዴ ሄዶ እስኪመለስ ነው። ቤት የሚመታው ለዚህ ነው። ጫፉን ይዞ ይደርስበታል። የሚሰማውም ሰው ጫፉን ይጠብቃል፤ ሲደርስ ይስቃል፣ ይሸልማል። ያ ሥራ ያለ ቤት አይሠራም።

ከወረቀት የሚነበብ ግጥም ግን ማሲንቆ የለውም። ዝምታውን የሚይዝለት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ሰሎሞንን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ የተረዳሁት ስንኙ የሚቆመው ትንፋሽ በሚቆምበት ነው። ቀለም አልቆጠረም፣ ትንፋሽ ቆጠረ። አባቴ እንዲህ ስለው "ታዲያ እሱም ዜማ አለው በላ" አለኝ።

መምህር፣ ልጅቷ ግጥሟን ከወረቀት ቀና ብላ፣ እየቆመች እንድታነበው አድርግ። ባነበበችበት ቀን ቸኩላ ይሆናል። ቤት የማይመታ ግጥም ሲቸኩሉበት ወሬ ይመስላል።

መምህር_ከአራዳ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የምትሉትን ሁሉ ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ።

ዛሬ ልጅቷን በዕረፍት ሰዓት አገኘኋት። ግጥሟን እዚህ ላወጣው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟ እንዳይጠራ ብቻ ጠይቃለች። ይኸው፦

እናቴ ጀሪካኑን ከፍታ ታዳምጣለች።
ቧንቧው ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤
ሰፈሩ በሙሉ ነቅቷል፤
ማንም ማንንም ደህና አደርክ አላለም።
ውሃ ሕይወት ነው፣ እኛ ግን አጣነው።

ጎንደር የምትኖሩ ሰዎች ስለምን እንደምታወራ ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። ውሃ ይመጣል በተባለበት ሌሊት እኛም ቤት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አየር ይመጣል። ያ ፍስስ የሚለው ድምፅ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል።

ቁስቋም_ማዶ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20)

"ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም።" እሰይ!

ግን የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ የኔታ ጉልበታቸውን መታ ያደርጉ ነበር። ወርቁን አውጥታ አሰጣችው። አምስቱ ስንኞች ውሃ የሚለውን ቃል አንዴም ሳይጠሩ ስለ ውሃ ተናግረው ነበር። ስድስተኛዋ መጥታ ምስጢሩን ገለጠችው።

የንባብ_ክፍል (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡41)

እኔም እዚያችው ላይ ነው ዓይኔ የቆመው። ይቆረጥ። ግን መምህር፣ አንተ አትቁረጥባት። "እጅሽን እዚህ ስንኝ ላይ ሸፍኚና እንደገና አንብቢው" በላት። ራሷ ታየዋለች።

ጃንተከል_ዋርካ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ሦስቴ አነበብኩት። ባለቤቴም አጠገቤ ነበረች፣ ለእሷም አነበብኩላት። "ይቺ የማን ልጅ ናት? የኛን ሌሊት ነው እኮ የጻፈችው" አለችኝ።

ቤት አልመታም። ግን አንዲት ቃል ላንሣ ብል የማነሣት አጣሁ፤ ከመጨረሻዋ ስንኝ በቀር። በሩ ገጥሟል ማለት ነው። ሰኞ የተናገርኩትን ሁሉ አላነሣም፤ ልኩን መማር ያስፈልጋል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ይህችን ልጅ ግን በዚያ ሰበብ ዝም ማሰኘት ግፍ ይሆናል።

መምህር_ከአራዳ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡50)

አሁን ነው ከክበቡ የወጣሁት።

ስለ ሰሎሞን 20 ደቂቃ ያህል አወራሁ። ስለ ጩታ፣ ስለ ቱሉዝ፣ ስለ አዲስ ሪፖርተር፣ ስለ ሚኒሶታ። "ወለሎ" የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማን ያውቀዋል አልኩ። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እስከ ዛሬ በክበቡ ተናግሮ የማያውቅ ልጅ እጁን አወጣ። እናቱ የወለጋ፣ የነጆ ሰው ናት። ትርጉሙን ነገራቸው። ከእናቱ የሚያውቀውን አንድ ሁለት ስንኝም አለልን፤ ተጨበጨበለት።

ዳዊቱንም አነሣሁ። ያ ባለፈው "ወሬ ናት" ያለው ልጅ ዲያቆን ነው። ዝም ብሎ አሰበ፣ ከዚያ "እውነት ነው መምህር" አለ።

ልጅቷን ከክበቡ በፊት በእትዬ ምክር መሠረት የመጨረሻውን ስንኝ በእጇ አሸፍኜ አስነበብኳት። አንብባ ስትጨርስ እጇን አላነሣችም። እስክሪብቶ አውጥታ ሰረዘችው። ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ቀስ ብላ አነበበችው። "አይናገርም" ላይ ትንፋሽ ወሰደች። ማንም አልሳቀም።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቃኝ ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። ሐሙስ ማታ የጻፈችው ነው። ስለ አያቷ ነው። መንገድ ላይ እየሄድኩ ቆጠርኩት፤ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ቤቱንም ይመታል።

ጃንተከል_ዋርካ (ዓርብ፣ ከምሽቱ 12፡58)

ወል ቤት?! ምን ትጠብቃለህ፣ አስፈቅዳትና ለጥፈው እንጂ!